እህቴ ከጅዳ ገንዘብ ልትልክ ነው፤ ይህን የጓሮ አትክልት ድርጅት እንዴት ልየው?

የጦሳ ልጅ (ጠያቂ) | ሰኞ ማታ 2፡40

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ።

ታላቅ እህቴ ጅዳ ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ከጓደኞቿ ጋር ዕቁብ እየጣሉ ነው። አንዱን ዕጣ "ላገር ቤት ሰደቃ ይሁን" ብለው ተስማምተዋል። የመረጡት ሐይቅ አካባቢ የሚሠራ አንድ ድርጅት ነው። ለሴቶች የጓሮ አትክልት ያስለማል፤ ዘር ይሰጣል፣ ሮቶ ይተክላል፣ ያሠለጥናል። ፌስቡክ ላይ ሲታይ ያምራል። ቆስጣው ለምልሞ፣ እናቶች አጠገቡ ቆመው ሲስቁ። ስሙን አልጠራም። ጥፋት አገኘሁበት እያልኩ አይደለም፤ ሳይጣራ ስም ማንሳት ደግሞ ነውር ነው።

እህቴ ደውላ "አንተ ደሴ ቁጭ ብለህ ምን ትሠራለህ? ሄደህ እይልኝ እንጂ" አለችኝ። ሄድኩ። ቢሮው ንጹሕ ነው። ሻይ ጋበዙኝ። የ2017 በጀት ዓመት ሪፖርት ሰጡኝ። 34 ገጽ ነው፣ 21ዱ ገጽ ፎቶ ነው። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የአማርኛውን ብጠይቅ "የለም፣ ሪፖርቱ ለለጋሾች ነው" አሉኝ።

እኔ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጭ ነኝ። ከሱቄ ደብተር ያለፈ ሒሳብ አላውቅም። ዓይኔ ሦስት ነገር ላይ አረፈ። ገቢያቸው ባንድ ዓመት ከ2.9 ሚሊዮን ወደ 5.6 ሚሊዮን ብር አድጓል። የአስተዳደር ወጪያቸው 9 በመቶ ብቻ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ባንክ ውስጥ 1.4 ሚሊዮን ተርፏቸዋል። ይሄ ደስ ሊለኝ ይገባል ወይስ ሊያሳስበኝ? የሰው ቤት ወለል ወልውላ ያገኘችው ብር ነው። ቀልድ አይደለም።

ሚጥሚጣ | ሰኞ ማታ 2፡52

21 ገጽ ፎቶ ካለው እሱ የሠርግ አልበም ነው እንጂ ሪፖርት አይደለም።

አትላኩ ብያለሁ | ሰኞ ማታ 3፡05

ወንድሜ አትልፋ። ወሎ ላይ ርዳታ ያልበላ ማን አለ? ከ66 ጀምሮ፣ በ77ም፣ በኛ ረሃብ ስንቱ ቤት ሠራ። እህትህ ለጎረቤቷ ብትሰጥ ይሻላታል። ሁሉም አንድ ናቸው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ ከኮምቦልቻ | ሰኞ ማታ 4፡10

"ሁሉም አንድ ናቸው" ማለት ለሌባው ነው የሚመቸው። ሁሉም አንድ ከሆነ ማን ይጠየቃል?

የጦሳ ልጅ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። በገቢው ልጀምር፤ እሱ በጣም ቀላሉ ነው። ድርጅቱ ብሩን የሚያገኘው ከውጭ ነው አይደል? እንግዲያው ሐምሌ 22 ቀን 2016 አስታውስ። ብር በገበያ ዋጋ ይመራ የተባለበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንት 100ን አለፈ። ያ ቀን ያረፈው በ2017 በጀት ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። አሁን አስላ። 50,000 ዶላር በ57 ሲመነዘር 2.85 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ያው 50,000 ዶላር በ110 ሲመነዘር 5.5 ሚሊዮን። ለጋሹ አንድ ሳንቲም አልጨመረም፣ ሪፖርቱ ግን "ገቢያችን በእጥፍ አደገ" ይላል። ውሸት አልጻፉም። ግን አንባቢው በራሱ እንዲሳሳት ትተውታል። እድገቱን ማወቅ ከፈለግህ ብሩን ተወውና ሥራውን ቁጠር። በ2016 ስንት ሮቶ ተከሉ? በ2017ስ? ሴቶቹ ስንት ነበሩ፣ ስንት ሆኑ?

ሁለተኛ፣ የኦዲተሩ ደብዳቤ ሪፖርቱ ውስጥ አለ? "ኦዲት ተደርገናል" የሚል አንድ መስመር አይደለም የምልህ። ሙሉው ይኑር፤ አስተያየቱ፣ የሒሳብ መግለጫው፣ ከኋላው የሚመጡት ማብራሪያዎች። ምሥጢሩ ያለው ማብራሪያው ላይ ነው። የኦዲተሩን ማኅተምም እይ። ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው፤ ፈቃድ ያለው ከሆነ ቁጥሩ አይጠፋም። አስተያየቱ "ነቀፌታ የሌለበት" ከሆነ ጥሩ ነው። "ከ... በስተቀር" የሚል ቃል ካየህ ቆም ብለህ ከ"በስተቀር" በፊት ያለውን አንብብ።

ሦስተኛ፣ የሦስት ዓመት ሪፖርት ጠይቅ። የአንድ ዓመት ሒሳብ ማለት የአንድ ቀን ፎቶ ነው።

ስለ 9 በመቶው ሌላ ሰው ይናገር። እኔ ልጆቼን ላስተኛ።

የጦሳ ልጅ (ጠያቂ) | ማክሰኞ ጠዋት 3፡30

እግዜር ይስጥሽ። ሪፖርቱን እንደገና አየሁት። ሮቶ በ2016 አሥር፣ በ2017 አሥራ አንድ። ሴቶች 180 ነበሩ፣ 185 ሆኑ። እንዳልሽው ነው፣ ያደገው ዶላሩ ነው።

የኦዲተሩ ሙሉ ደብዳቤ የለም፤ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ብቻ። ደውዬ ጠየቅኳቸው። "እንልክልሃለን" አሉ። የቀድሞ ዓመታትንም ጠየቅኩ። "የኛ ሰነድ በጦርነቱ ጠፍቷል" አሉኝ። ይሄን ስሰማ አፌን ያዝኩ። የኔም ሱቅ በዚያ ጊዜ ባዶውን ነው የቀረው፤ ደብተሬ ሳይቀር ሄዷል። ምን ብዬ ልከራከር?

ሒሳብ ሠራተኛዋ ከኮምቦልቻ | ማክሰኞ ጠዋት 4፡00

ማንም አይከራከርም። እኛም ቢሮ ወንበር እንኳን አልተረፈም። ግን ቀኑን እንይ። ደሴና ኮምቦልቻ ያ ነገር የሆነው ከጥቅምት እስከ ኅዳር 2014 ነው። የ2013 ሰነድ ጠፋ ቢሉ አምናለሁ። የ2014 መጀመሪያም ይሁን። የ2015ቱ እንዴት ጠፋ? የ2016ቱስ? ገና ያልተጻፈ ሰነድ አይዘረፍም። ደግሞ የባንክ መግለጫ ባንክ ውስጥ አለ፣ ማመልከቻ ጽፎ ማውጣት ነው። የኦዲት ሪፖርቱም ቅጂ ኦዲተሩ ጋ አለ፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መሥሪያ ቤትም ይገባል።

የቀድሞ ፕሮጀክት ሠራተኛ | ማክሰኞ ቀን 7፡20

ስሜን አልሰጥም፤ የሠራሁበትንም አልናገርም። ስለ 9 በመቶው ግን ልናገር፤ ይህን ጨዋታ በእጄ ተጫውቼዋለሁ።

አሁን የሚሠራው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ከሱ በፊት በነበረው በ621/2001 ጊዜ ደግሞ "ሰባ ሠላሳ" የምንለው ነበር፤ ሰባው ለሥራ፣ ሠላሳው ለአስተዳደር። ያኔ የአሠልጣኝ አበልና ወደ ገጠር የሚሄድ መኪና ነዳጅ ሳይቀር አስተዳደር ተብሎ ይቆጠርብን ነበር። ሰው ምን ተማረ? ወጪን ስም መቀየር ተማረ። ሕጉ ተሻሽሎ እንኳን ልማዱ አልለቀቀም።

9 በመቶ ሲባል እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ የት ገባ? የቢሮ ኪራዩስ? ጥበቃዋና ገንዘብ ያዡስ? የአትክልት ባለሙያዋ ደመወዝ የፕሮጀክት ወጪ ነው፣ ልክ ነው፤ ማሳ ላይ ነው የምትውለው። የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ ሙሉ በሙሉ "ሥልጠና" ውስጥ ተሸጉጦ ካገኘህ ግን ዘጠኙ ዘጠኝ አይደለም።

ይህን የሚያደርጉት ሁሌ ለመብላት አይምሰልህ። አንዳንድ ለጋሽ ከ10 በታች ካልሆነ ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ ሁሉም 9 ይጽፋል። እኔ ብሆን 17 በመቶ ብሎ በዝርዝር የጻፈውን ነው የማምነው። ደህና ሒሳብ ሠራተኛ የሌለው ድርጅት ርካሽ ነው። ሲሰረቅም በርካሽ ነው።

የተረፈው 1.4 ሚሊዮን ብዙ አያስደንግጥህ። ብዙ ጊዜ የሁለት ዓመት ፕሮጀክት ብር ሰኔ ላይ ገብቶ ሐምሌ ላይ ነው ሥራው የሚጀመረው። ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ብሩ ቁጭ ብሎ ይታያል። ለሮቶ የተሰጠ ብር ለደመወዝ አይነካም፤ ለየብቻ መያዝ አለበት። ማብራሪያው ላይ "ይህን ያህሉ የእገሌ ፕሮጀክት፣ ይህን ያህሉ የማንም ያልሆነ ነጻ ገንዘብ" ብሎ መለየት ነበረበት። ካልለየ ጠይቅ።

ሚጥሚጣ | ማክሰኞ ቀን 7፡31

"ሲሰረቅም በርካሽ ነው" 😂 ጽፌ ግድግዳ ላይ ልለጥፈው ነው።

የጦሳ ልጅ (ጠያቂ) | ማክሰኞ ማታ 1፡15

የወጪውን ሰንጠረዥ እንደምንም ተርጉሜ ከዚህ በታች ላስቀምጠው። ረጅሙን ትቼ ዋና ዋናውን፦ የቆስጣ ዘር፣ የቀይ ሥር ዘር፣ የሽንኩርት ዘር (በስጦታ የመጣ፣ በገንዘብ ተተምኖ)፣ የጥቅል ጎመን ችግኝ፣ የካሮት ችግኝ 4,200፣ ሮቶ 11፣ የውሃ ማጠጫ ቆርቆሮ፣ ቤንዚን 900 ሊትር፣ የሥልጠና አበል፣ ሕትመትና ፎቶ። አንድ ባለሙያ፣ አንድ ሞተር።

የጓሮዋ ልጅ | ማክሰኞ ማታ 2፡00

ይህን የምጽፈው እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ እየነገረችኝ ነው። እሷ አታነብም። እኔ ጮክ ብዬ ሳነብላት "የካሮት ችግኝ" ስል አስቆመችኝ። "ምን አልሽ? ድገሚው" አለች። ደገምኩት። ሣቀች። ሣቋ ቶሎ አላቆመም።

ካሮት ችግኝ የለውም። ዘሩ እዚያው መደቡ ላይ ይዘራል፣ ሲበቅል ይሳሳል። ነቅለሽ ካዛወርሽው ሥሩ ይጣመማል፣ ሁለት እግር ያወጣል። ጎመን ችግኙ ይፈላል፣ ሽንኩርት ይፈላል፣ ቃሪያ ይፈላል። ካሮት አፍልቶ የሚያከፋፍል ሰው እስከ ዛሬ አላየችም። "አራት ሺህ የካሮት ችግኝ የወሰደች ሴት ካለች አምጧት፣ እጇን ልሳመው" ብላለች። ቃል በቃል ነው የጻፍኩት።

ስለ ሽንኩርት ዘሩም ጠይቁ ብላለች። የሽንኩርት ዘር ቶሎ ይሞታል፣ ዓመት ካለፈው እምነት የለውም። በስጦታ የመጣ ዘር ፓኬቱ ላይ ያለው ቀን ያለፈ ከሆነ ዋጋው ዜሮ ነው። ሪፖርቱ ላይ ግን በአዲስ ዘር ዋጋ ተተምኖ ይሆናል። የምትሞክሩበት መንገድ አለ። አሥር ፍሬ እርጥብ ጨርቅ ላይ አድርጉና ጠብቁ። ስንቱ በቀለ? አራት ብቻ ከሆነ ስድስቱን ብር ማን ይከፍላል ትላለች።

አትላኩ ብያለሁ | ማክሰኞ ማታ 2፡04

አላልኳችሁም? አበቃ። ዝጉት።

ጡረተኛው ንብረት ክፍል | ማክሰኞ ማታ 2፡45

ምን ይዘጋል? ገና አሁን ተከፈተ እንጂ።

ልጆቼ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት መጋዘን ላይ ሠርቻለሁ። ስሕተት የሌለበት መዝገብ አይቼ አላውቅም። ሌባ የሚያዘው በስሕተቱ አይደለም፤ ስሕተቱን ስታሳየው በሚያደርገው ነገር ነው። አንዱ "ቆይ ልየው" ብሎ ፋይሉን ያወጣል። ሌላው "አንተ ማነህ፣ ማን ላከህ" ይላል።

የጦሳ ልጅ፣ አንድ ምክር ልስጥህ። ቢሮ ገብተህ "ሌባ ናችሁ ወይ" አትበል። "የገባበትና የወጣበት ይታየኝ" በል። እኛ ጋ ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19 ነው፣ ሲወጣ በሞዴል 22። እነሱ ሌላ ቅጽ ይኖራቸው ይሆናል፤ ግን ገቢና ወጪ ከሌለ መጋዘን የለም። ዘሩ ሲገዛ ደረሰኝ አለ። መጋዘን ሲገባ ፊርማ አለ። ለሴትዮዋ ሲሰጥ የጣት አሻራ ወይም ፊርማ አለ። ሦስቱን ቁጥር አስተያይ።

ሮቶ ደግሞ ቁጭ ያለ ነገር ነው፣ ይቆጠራል። ዘር ተዘርቶ ያልቃል፣ ቤንዚን ተቃጥሎ ያልቃል፣ አበል ተበልቶ ያልቃል። ሮቶ የት ይሄዳል? ዝርዝሩን ከነቀበሌው አምጣልኝ። እኔ እቆጥራለሁ። ቤት ተቀምጬ ሰለቸኝ።

ሞተረኛው | ማክሰኞ ማታ 3፡10

ስለ ቤንዚኑ ማንም አላነሳም። እኔ የምኖረው ሞተር ላይ ነው፣ ላስላው።

ከሐይቅ ደሴ ደርሶ መልስ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሳምንት ሁለቴ ይሂድ። በዓመት 6,240 ኪሎ ሜትር። የቀረውን አራት ቀን ገጠር ለገጠር በቀን 30 ኪሎ ሜትር ይዙር፣ ሌላ 6,240። በድምሩ 12,500 ገደማ። የኔ ሞተር በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ጥርጊያ መንገድ ነው ብለን 35 እንበል። 360 ሊትር አይሞላም። 900 ሊትር ከየት መጣ? በ900 ሊትር ባለሙያዋ ሞያሌ ደርሳ ትመለሳለች፣ ያውም አሥር ጊዜ።

የቅሬ ጸሐፊ | ረቡዕ ጠዋት 2፡25

ሁላችሁም ወረቀቱን እያያችሁ ነው። እኔ ሌላ ነገር ልጠይቅ። እነዚያ 185 ሴቶች ይህን ሪፖርት ሰምተውታል?

እኛ ቅሬ (ዕድር) ውስጥ ስንት ገባ ስንት ወጣ የሚነገረው ሰው ፊት ነው። ደብተሩ ይነበባል፣ ቡና ይፈላል፣ የፈለገ ይናገራል። አምና አንድ ድንኳን "ለጥገና" ተብሎ የወጣ ገንዘብ ነበር። አንዲት አሮጊት ከኋላ ሆነው "ድንኳኑን የሰፋው የልጄ ባል ነው፣ የተከፈለው ግማሹ ነው" አሉ። ጉዳዩ እዚያው አለቀ። ኦዲተር አልመጣም። ሪፖርቱ የተነበበላቸው ሰዎች ሥራውን የሚያውቁት ስለሆኑ ነው።

ይሄ የእንግሊዝኛ ሪፖርት ግን የተጻፈው ሐይቅን አይቶ ለማያውቅ ሰው ነው። እሱ ካሮት ችግኝ አለው ብትለው አሜን ይላል። የጓሮዋ ልጅ እናት ግን በአንድ ቃል ያዘችው። ሪፖርቱ በአማርኛ ቢነበብላቸው ኖሮ እኮ ይህ ቁጥር ጅዳ ሳይደርስ ይታረም ነበር።

ሒሳብ ሠራተኛዋ ከኮምቦልቻ | ረቡዕ ጠዋት 2፡50

ጋሼ፣ በዚህ ተረታሁ። ኦዲተር ጎመን አይቆጥርም። የሚያየው ደረሰኝና መዝገብ ነው፣ ያውም መርጦ። የካሮቱ ቁጥር ሒሳቡ ውስጥ ሳይሆን ትረካው ላይ ከሆነ ኦዲተሩ ጭራሽ ላያየው ይችላል።

የጦሳ ልጅ (ጠያቂ) | ዓርብ ማታ 3፡20

ሄጄ መጣሁ። ረጅም ነው፣ ታገሡኝ።

ጡረተኛው ጋሼ እንዳሉት አደረግኩ። "ሌባ" የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። መጀመሪያ ፊታቸው ጠቆረ። "ማን ነው የላከህ?" አለኝ አንዱ። "እህቴ" አልኩት። ሥራ አስኪያጁ ሣቀና ሒሳብ ክፍሏን ጠራት። ልጅቷ ወጣት ናት፣ ፋይሉን ስታወጣ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም አፈርኩ።

ካሮቱ። የገዙት 42 ፓኬት ዘር ነው። ደረሰኙን አየሁ፣ ከነቲን ቁጥሩ። መጋዘን የገባው 42 ነው። የወጣው 42 ነው። ታዲያ 4,200 ችግኝ ከየት መጣ? የለጋሹ ቅጽ ላይ "የተከፋፈለ ችግኝ ብዛት" የሚል ሣጥን ብቻ ነው ያለው፤ ዘር የሚጻፍበት የለም። ስለዚህ ባንድ ፓኬት መቶ ብለው አባዙት። ገንዘቡ ልክ ነው። ቁጥሩ ፈጠራ ነው። ሥራ አስኪያጁን "ታዲያ ለምን ቅጹ አይስማማም ብላችሁ አልጻፋችሁም?" አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ "ሣጥኑ ባዶ ሲሆን ብሩ ይቀንሳል" አለኝ። ይቺን መልስ እስካሁን እያመነዠክኋት ነው።

የሽንኩርት ዘሩ። እማማ ልክ ናቸው። ቀኑ ሊያልፍ አራት ወር ሲቀረው ነው የመጣው። ሲከፋፈል አልፎበታል። በሙሉ ዋጋ ነው የተተመነው። ይህንን አምነዋል፣ በሚቀጥለው ሪፖርት እናርመዋለን ብለዋል። በወረቀት ጻፉልኝ አልኩ፣ ጻፉ።

አስተዳደሩ። የቀድሞ ፕሮጀክት ሠራተኛ፣ ጠንቋይ ነህ እንዴ? የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ በሙሉ "ሥልጠና" ውስጥ ነው። የቢሮ ኪራዩ ግማሹ "የችግኝ ጣቢያ" ውስጥ ነው። ከሒሳብ ክፍሏ ልጅ ጋር ቁጭ ብለን ብናስተካክለው 16 በመቶ መጣ። ከ20 በታች ነው! ያለ ምክንያት ነው የተደበቀው።

የኦዲት ሪፖርቱን ሙሉውን ሰጡኝ። የ2015ና የ2016ቱም ተገኘ፤ ኦዲተሩ ጋ ነበር። ሦስቱም ነቀፌታ የሌለበት ነው። 1.4 ሚሊዮኑ ውስጥ 1.1ዱ ሰኔ ላይ የገባ የውሃ ፕሮጀክት ብር ነው፣ ማብራሪያው ላይ ተጽፏል።

ቤንዚኑ። ሞተር ብቻ አይደለም፤ ሁለት የውሃ ፓምፕ አላቸው። በበጋ በቤንዚን ነው የሚሠሩት። ግን መዝገብ የለም። ሞተሩ ስንት ጠጣ፣ ፓምፑ ስንት ጠጣ የሚል ወረቀት የለም። "አንድ ላይ ነው የምንገዛው" ነው መልሱ።

ሞተረኛው | ዓርብ ማታ 3፡34

ፓምፕ በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ይጠጣል። የቀረው 540 ሊትር ለሁለት ፓምፕ ስድስት ወር ቢካፈል ለያንዳንዱ በሳምንት አሥር ሰዓት ይደርሰዋል። ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። መዝገብ ከሌለ እኔም አንተም ዕውር ነን። የአምስት ብር ደብተርና እስክሪብቶ ነው የጠፋው።

አትላኩ ብያለሁ | ዓርብ ማታ 3፡50

ደብተር አምስት ብር? የት አገር ነው የምትኖረው?

ካሮቱን ግን አላሰብኩትም ነበር። እሺ፣ ሁሉም አንድ አይደሉም። ቤንዚኑ ላይ ግን አልለቅም።

የጓሮዋ ልጅ | ዓርብ ማታ 4፡05

እናቴ አንድ ነገር ጨምሪ አለችኝ። ለእህትህ "ዕቃ ገዝተሽ ላኪ" የሚላት ሰው ይኖራል፤ አትስማ ትላለች። ባለፈው አንድ ሌላ ማኅበር ማጭድና አካፋ ከውጭ ልኮ እጀታው ለኛ ቁመት አይሆንም ነበር፤ የማገዶ እንጨት ሆነ። ብር ይላክ፣ ዕቃው እዚሁ ይገዛ፣ ደረሰኝ ይያዝ። ባለሙያዋን ልጅም አትንኩብን ብላለች። መደቧን የምታያት እሷ ናት፣ ፀሐይ ላይ ነው የምትውለው። ደመወዟን ጨምሩላት።

የቅሬ ጸሐፊ | ቅዳሜ ጠዋት 1፡50

ሪፖርቱ ይነበብላቸው ይሆን?

የጦሳ ልጅ (ጠያቂ) | ቅዳሜ ማታ 2፡30

ጋሼ፣ ጠይቄያለሁ። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ "ጊዜ የለንም" አለ። ከዚያ የሒሳብ ክፍሏ ልጅ "እኔ እተረጉመዋለሁ፣ ሁለት ገጽ ይበቃል" አለች። ለሚመጣው ወር የሴቶቹ ስብሰባ ቀን ተይዟል። እርስዎንም ጋብዘዋል።

እህቴ ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን። ሁሉንም ነገርኳት። ካሮቱ ላይ እንደ እማማ ሣቀች። ከዚያ ዝም አለች። ጓደኞቿን አማክራ መለሰችልኝ። የዕቁቡን ሲሶ አሁን ትልካለች፤ ለዘርና ለባለሙያዋ ብቻ፣ ቤንዚን ውስጥ እንዳይገባ ተጽፎ። የቀረውን ሪፖርቱ ለሴቶቹ ከተነበበና የነዳጅ መዝገብ ከተከፈተ በኋላ። "የኔም እመቤት እኮ የቤቱን ወጪ በየቀኑ ደብተር ላይ ታስጽፈኛለች፣ የሽንኩርቱን ሳይቀር" አለችኝ። "እነሱ ምን ይከብዳቸዋል?"

ጡረተኛው ንብረት ክፍል | እሑድ ማታ 1፡40

ዛሬ ሮቶ ስቆጥር ዋልኩ። ጉልበቴን አሞኛል፣ ግን ደስ ብሎኛል።

ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ በቦታቸው ናቸው። ከዘጠኙ አንዷ ሥሯ ተሰንጥቃለች። መሠረቷ ጠፍጣፋ አልተደረገላትም፣ ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጠችው። ይሄ የሥራ ጉድለት ነው እንጂ ስርቆት አይደለም። አሥረኛዋን መስጊድ ግቢ ውስጥ አገኘኋት፣ ሰው ውዱእ እያደረገባት። ሴቶቹን ጠየቅኩ። "እኛው ነን የሰጠነው፣ ጉድጓዳችን ውሃ ስላለው" አሉ። መልካም ነው፤ ግን በወረቀት መተላለፍ ነበረባት። ጽፌ አስፈርሜያቸዋለሁ።

አሥራ አንደኛዋን አላገኘኋትም። በዝርዝሩ ላይ ያለው ቀበሌ ዳገት ነው፣ እግሬ አልወጣልኝም። ሰዎቹ "አለች" ይላሉ። አለች ማለትና ማየት ለየቅል ነው።

ሞተረኛው፣ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፒያሳ አንሣኝ። ቤንዚኑን እኔ እችላለሁ። ግን ስንት ሊትር እንደጠጣን እጽፈዋለሁ።